በየወሩ እየከፈሉ መስማት ወይስ ዘፈኑን ገዝቶ ማስቀመጥ? ለራሳችሁ የሚሆነውን የምትመርጡበት መንገድ

«ስፖቲፋይ ይሻላል ወይስ አፕል ሚዩዚክ?» እያልን ብዙ እንከራከራለን። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። በየወሩ እየከፈልን እንስማ ወይስ የምንወደውን ገዝተን ፋይሉን እጃችን እናስገባ? የኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። አዲስ ሙዚቃ ለማሰስ የወር ክፍያውን የሚያክል የለም። ግን አንድን አልበም ዓመታት ሳይሰለቸው ለሚሰማ ሰው፣ እኛ ጋ ደግሞ እንዲህ ያለው ይበዛል፣ በተለይ የሚሰማው የድሮ የአማርኛ ሙዚቃ ከሆነ፣ የሚወደውን ገዝቶ አለማስቀመጥ ያስቆጨዋል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ስፖቲፋይ ወይም አፕል ሚዩዚክ ላይ ዳውንሎድ የሚለውን ስትነኩ ዘፈኑን አልገዛችሁትም። ስልካችሁ ላይ የወረደው ነገር የተቆለፈ ነው። ከአፑ ውጭ አይከፈትም፣ ፍላሽ ላይ ተገልብጦ አይሠራም፣ ለመኪና ቴፕም አይሆንም። ስፖቲፋይ ላይ ያወረዳችሁት እንዳይጠፋ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ መግባት አለባችሁ። ክፍያው ሲቆም የወረደውም አብሮ ይቆማል። ግዢ ሌላ ነው። ኤምፒስሪ ወይም ሌላ ዓይነት ፋይል ይሰጧችኋል፣ ወደፈለጋችሁበት ትወስዱታላችሁ፣ ሻጩ ነገ ሱቁን ቢዘጋ እንኳ ፋይሉ እናንተ ጋ ይቀራል።

ሱቅ ይዘጋል ስል ለማስፈራራት አይደለም። ጉግል ፕሌይ ሚዩዚክ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተዘግቷል። ዘፈን ገዝተው ፋይሉን ኮምፒውተራቸው ላይ ያወረዱ ሰዎች ምንም አልጎደለባቸውም። ያላወረዱት ግን እስከ ፌብሩዋሪ 2021 ድረስ ወደ ዩቲዩብ ሚዩዚክ አዛውሩ ወይም አውርዱ፣ ከዚያ በኋላ ይሰረዛል ተባሉ። ስለዚህ ገዝቶ አለማውረድም ግማሽ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን አሰማም እዩ

ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት አፑን ክፈቱና ባለፈው ወር ምን እንደሰማችሁ ተመልከቱ። ዩቲዩብ የምትጠቀሙም የታዩ ቪዲዮዎችን ታሪክ ማየት ትችላላችሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ከዚህ በፊት ሰምታችሁት የማታውቁት ስንት ነው፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማችሁት የማታስታውሱት ደግሞ ስንት ነው? የመጀመሪያው ከበዛ፣ ማለትም ዛሬ አፍሮቢት፣ ነገ አማፒያኖ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ የወጣ የአማርኛ አልበም የምትሞክሩ ከሆነ የወር ክፍያው ለናንተ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ከበዛ ግን የምትከፍሉት ለምታውቁት ነገር ነው፣ ያውም ደጋግማችሁ። ብዙዎቻችን ሁለተኛው ነን ብዬ አምናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲፈላ የሚከፈተው ሙዚቃ በየቤቱ ከዓመት ዓመት አይቀየርም።

ሂሳቡ

አሜሪካ ያላችሁ እንዲህ አስሉት። አፕል ሚዩዚክ ለአንድ ሰው በወር 10.99 ዶላር ነው ብንል በዓመት 131.88 ይሆናል፣ በአምስት ዓመት 659.40። የአፕል የዘፈን መሸጫ በሆነው አይቲዩንስ ላይ አንድ ዘፈን 0.69፣ 0.99 ወይም 1.29 ዶላር ነው፣ አልበም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 9.99። ስለዚህ የዓመቱ ክፍያ 13 አልበም ይገዛል፣ የአምስት ዓመቱ 66 አልበም። 66 አልበም ቀላል አይደለም! ከልባችሁ የምትሰሟቸውን አልበሞች ብትቆጥሩ እዚያ የማይደርሱ ብዙዎች ናችሁ። በዚያ ላይ የወር ክፍያ ባለበት አይቆምም። ስፖቲፋይ አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት 9.99 ነበር፣ በ2023 10.99፣ በ2024 11.99 ሆነ። የገዛችሁት አልበም ግን ዋጋ አይጨምርባችሁም።

የቤተሰብ ፓኬጅ ካላችሁ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። አፕል ለስድስት ሰው 16.99 ዶላር ሲያስከፍል አምስት ሆናችሁ ብትካፈሉት ለያንዳንዳችሁ 3.40 ዶላር ገደማ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ በየሳምንቱ ሌላ ነገር ነው የሚሰሙት። በዚህ ዋጋ ግዢ አይወዳደርም፣ ክፈሉና ተገላገሉ። ከጎኑ ግን የምትወዷቸውን ጥቂት አልበሞች ግዙ።

ኢትዮጵያ ላለ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። ብር በገበያ ይወሰን በተባለበት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ ዋጋው ሳይነካ በብር እጥፍ ሊሆን ደረሰ። አንዴ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ግን ይህ አይነካውም።

ዳታ ደግሞ አለ። ብዙ ሰው ይህን አይቆጥረውም። በመካከለኛ ጥራት፣ በሰከንድ 160 ኪሎቢት ብንል፣ አንድ ሰዓት ሙዚቃ 72 ሜጋባይት ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚሰማ ሰው በወር 4.3 ጊጋባይት ይጨርሳል። ጥራቱን ወደ 320 ከፍ ካደረጋችሁት 8.6 ይሆናል። ቪዲዮ እያዩ ዘፈን መስማት ከዚህም በብዙ ይበልጣል። የተገዛ የአምስት ደቂቃ ዘፈን በ320 ጥራት 12 ሜጋባይት ነው፣ አንዴ ይወርዳል፣ ከዚያ ሺህ ጊዜ ብትሰሙት ዳታ አይነካም። ዋይፋይ የሌለው ቤት ውስጥ ይህ ከአፑ ክፍያ የበለጠ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። የወር ክፍያውን ከመረጣችሁም ሴቲንግ ውስጥ ግቡና በሞባይል ዳታ ሲሆን ጥራቱ ዝቅ እንዲል፣ ማውረድ ደግሞ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉ።

የድሮ የአማርኛ ሙዚቃ ለምን ይጠፋል?

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ሙዚቃችን በአብዛኛው በካሴት የወጣ ነው። ያሳተሙት ሙዚቃ ቤቶች ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ባለቤቶቹ አንዳንዶቹ አልፈዋል፣ አንዳንዶቹ ሀገር ለቀዋል። ውሉ በቃል የነበረም አለ። ስለዚህ መብቱ የዘፋኙ ነው፣ የአሳታሚው ነው ወይስ የወራሾቹ የሚለው ብዙ ጊዜ አልጠራም። በዚህ መሀል አንዱ ካሴቱን ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ በራሱ ስም ስፖቲፋይ ላይ ይጭነዋል። ሌላው መጥቶ «የኔ ነው» ብሎ ይከሳል፣ ዘፈኑ ከአፑ ላይ ይነሳል። እናንተ ደግሞ አንድ ቀን ዝርዝራችሁን ስትከፍቱ የዘፈኑ ስም ደብዝዞ፣ ሲነካም የማይሰማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ በታላላቆቹም ይደርሳል። ካናዳዊው ዘፋኝ ኒል ያንግ በጃንዋሪ 2022 ሥራዎቹን ከስፖቲፋይ አስወጥቶ የተመለሱት በ2024 ነው። ፋይሉ የነበራቸው አድማጮቹ በነዚያ ሁለት ዓመታት ምንም አልቀረባቸውም።

ስለዚህ አንድ ሙከራ አድርጉ። ያለነሱ መኖር የማትፈልጓቸውን 20 ዘፈኖች ጻፉና የምትከፍሉበት ወይም ልትከፍሉበት ያሰባችሁት አፕ ላይ አንድ በአንድ ፈልጓቸው። ፍለጋው ራሱ ብልሃት ይፈልጋል። የኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ አይደለም። ጥላሁን የሚለውን አንዱ ከቲ ቀጥሎ በአይ ይጽፈዋል፣ ሌላው በኢ። አስቴርን አንዱ በኢ ይጨርሳል፣ ሌላው በአር። በግዕዝ ፊደል ስትፈልጉም ሀን በሐ፣ ሰን በሠ፣ ጸን በፀ እየቀያየራችሁ ሞክሩ። በዘፋኙ ካጣችሁት በአልበሙ ስም ፈልጉ፣ እሱም ካልሆነ በባንዱ ስም።

ስታገኙት ደግሞ ወዲያው አትደሰቱ። ወደ አልበሙ ገጽ ግርጌ ውረዱና የባለመብቱን ስም አንብቡ። የምታውቁት ሙዚቃ ቤት ወይም የዘፋኙ የራሱ ስም ከሆነ ጥሩ። ሰምታችሁት የማታውቁት ነገር ከሆነ፣ ሽፋኑ ደግሞ ከዩቲዩብ ላይ የተነሳ ፎቶ ከመሰለ፣ ያ ዘፈን ነገ ላይኖር ይችላል፣ ገንዘቡም ለባለቤቱ እየደረሰ ላይሆን ይችላል። ከ20 ውስጥ ግማሹን ካላገኛችሁ ለዚያ አፕ በየወሩ መክፈላችሁን እንደገና አስቡበት።

ለሙዚቀኛው የሚደርሰው

አፕል በ2021 ለአርቲስቶች በጻፈው ደብዳቤ አንድ ዘፈን አንዴ ሲሰማ በአማካይ አንድ ሳንቲም ገደማ እንደሚከፍል ተናግሯል፣ የዶላር ሳንቲም ማለት ነው። ያ ሳንቲም ለዘፋኙ በቀጥታ አይገባም፣ መጀመሪያ አሳታሚውና አከፋፋዩ ይካፈሉታል። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን ምንም አይከፍልም። አሁን ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ሥራቸውን ለአድማጭ በቀጥታ የሚሸጡበትን ባንድካምፕ የተባለ ድረ ገጽ እዩ። ከዲጂታል ሽያጭ የሚቆርጠው 15 በመቶ ነው፣ በዚያ ላይ ትንሽ የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ አለ። የ10 ዶላር አልበም ስትገዙ 8 ዶላር ገደማ ወደ ሻጩ ይሄዳል፣ ሻጩ ሙዚቀኛው ራሱ ከሆነ ደግሞ ሙሉው የሱ ነው። በሳንቲም ሂሳብ 8 ዶላር ለማግኘት ዘፈኖቹ 800 ጊዜ መሰማት አለባቸው። የአማርኛ አድማጭ ቁጥር ከእንግሊዝኛው ጋር አይወዳደርም፣ ስለዚህ በመሰማት ብዛት የሚከፈል ገንዘብ ለኛ ሙዚቀኞች ጠብ አይልም። የአንድ ሰው አንድ ግዢ ለነሱ ትልቅ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ሱቅ ሄዶ ፍላሽ ላይ ዘፈን ማስጫን ግዢ አይደለም። የከፈላችሁት ለጫነላችሁ ልጅ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ በ872/2007 ተሻሽሏልም፣ ግን ያለፈቃድ መገልበጥ አሁንም እንደ ተለመደ ነገር ነው የሚታየው። ቴሌግራም ቻናል ላይ የሚለቀቁ አልበሞችም ያው ናቸው።

እንዴት ይገዛል?

በኔ እምነት መጀመሪያ መታየት ያለበት ባንድካምፕ ነው። የኛ ሙዚቃ እዚያ አለ ወይ ለምትሉ፣ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. የቀዳውን ካሴት ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ አሳታሚ በ2013 እንደገና አውጥቶታል፣ ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ያ አልበም ባንድካምፕ ላይ ይሸጣል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎችም እዚያው ታገኛላችሁ። ሁሉም የለም፣ በተለይ የሰሞኑ አልበሞች ላይኖሩ ይችላሉ፣ ግን ፈልጉ። ከመግዛታችሁ በፊት ማድመጥ ይቻላል። የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ወለል ነው፣ ከዚያ በላይ መክፈል ትችላላችሁ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በተወሰኑ ወራት የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ባንድካምፕ ድርሻውን ይተዋል፣ ልትገዙ ያሰባችሁትን ለዚያ ቀን አቆዩት።

ከከፈላችሁ በኋላ በአፑ ሰምታችሁ አትተዉት። በክሮም ወይም በሳፋሪ ግቡና ፋይሉን አውርዱ፣ ምክንያቱም አፑ የሚያጫውተው ውስጡ ብቻ ነው። የፋይል ዓይነት ይጠይቃችኋል። ለስልክና ለመኪና ኤምፒስሪ 320 በቂ ነው። ፍላክ የሚባለው ምንም ድምፅ ሳይቀነስ የሚቀመጥ ነው፣ ለአንድ ዘፈን 30 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ ኮምፒውተር ላይ ለዘላቂ ማስቀመጫ እሱ ይሻላል። ከካሴት የተገለበጠ ሙዚቃን ግን «ከፍተኛ ጥራት» ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠየቅበት አትክፈሉ። ካሴቱ ላይ ያልነበረ ድምፅ ከየትም አይመጣም።

አይቲዩንስም አሁንም ይሸጣል። አፕል ሚዩዚክ እፊት እፊት ስለሚል ብዙ ሰው የተዘጋ ይመስለዋል። አይፎን ላይ አይቲዩንስ ስቶር የሚባል ለብቻው አፕ አለ። እስከ 2009 አካባቢ የሚሸጠው የተቆለፈ ነበር፣ አሁን የሚሸጠው ቁልፍ የለውም፣ ጥራቱም 256 ኪሎቢት ነው። ሁለቱንም የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የገዛችሁትና በወር ክፍያ የወረደው አንድ ላይ ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው። ኮምፒውተር ላይ የዘፈኑን መረጃ ስትከፍቱ ዓይነቱ ላይ የተገዛ ይላል ወይም የአፕል ሚዩዚክ ይላል። የተገዛ የማይለውን የኔ ነው ብላችሁ አትቁጠሩት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ችግራችሁ ክፍያ ነው። ከባንክ የሚሰጠን የተለመደ የኤቲኤም ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። አንደኛው መፍትሔ የሀገር ውስጥ አፖች ናቸው። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ ያቋቋሙት አውታር ለዚህ መንገድ ከፍቷል፣ ሰዋስውም አለ፣ አዳዲስ አልበሞችም በነሱ በኩል ወጥተዋል። ስትከፍሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዘፈኑ ከአፑ ውጭ ይሰማል? ካልተሰማ ግዢ ቢባልም በጠባዩ ወደ ኪራዩ ይጠጋል። እንደዚያም ሆኖ አልበም ሲወጣ በነሱ በኩል መክፈል ለሙዚቀኛው ይጠቅማልና ክፈሉ። ሁለተኛው መፍትሔ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ባንድካምፕ ላይ አልበም በስጦታ መላክ ይቻላል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለች እህታችሁ ከፍላ የናንተን ኢሜይል ታስገባለች፣ እናንተ ማውረጃው ይደርሳችኋል። ለልደትም ለበዓልም አሪፍ ስጦታ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ

ፋይል ካልተያዘ ይጠፋል። ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ይኑር፣ ሁለቱ ቦታ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ባይሆን ይመረጣል። አንዱ ኮምፒውተር ወይም ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ጉግል ድራይቭ ወይም የመሳሰለው። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ በሴቭድ ሜሴጅስ መላክም ይሠራል፣ እንደ ፋይል ላኩት። ፍላሽ ግን ለመጫወቻ እንጂ ለማስቀመጫ አይሁን፣ ቶሎ ይበላሻል፣ ይጠፋል፣ ሰው ይወስደዋል። በ32 ጊጋ ፍላሽ ከ2,500 በላይ ዘፈን ይገባል፣ ለመኪና ከበቂ በላይ ነው። 64 ጊጋ ስትገዙ የቆየ የመኪና ቴፕ ላያነበው ይችላል፣ ያኔ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት አድርጉት።

ስሙን አስተካክሉ። ትራክ 01፣ ትራክ 02 እያለ የተቀመጠ አልበም ከአምስት ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኤምፒስሪ ታግ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የዘፋኙንና የአልበሙን ስም፣ ዓመቱንም ጭምር በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ያቀናባሪውንና የግጥም ጸሐፊውን ስም ካወቃችሁ ጨምሩበት፣ እነዚህ ሰዎች የካሴቱ ሽፋን ሲጠፋ አብረው ነው የሚረሱት። የመኪናው ቴፕ ግዕዝ ካላነበበና አራት ማዕዘን ብቻ ካሳያችሁ ለፍላሹ የሚሆን ሌላ ኮፒ በላቲን ፊደል አዘጋጁ፣ ዋናውን አትንኩት። አንድሮይድ ላይ ፋይሉን ሚዩዚክ ፎልደር ውስጥ አድርጉና ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ አፕ ክፈቱት፣ የማያጫውተው የፋይል ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። አይፎን ላይም ቪኤልሲ አለ።

ሁለቱንም የምትይዙ ከሆነ

የወር ክፍያ ዓመቱን ሙሉ መክፈል ግዴታ አይደለም። በዐቢይ ጾም ዘፈን የማትሰሙ ብዙ ናችሁ። 55 ቀን ማለት ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። መዝሙሩን ከሌላ ቦታ የምትሰሙ ከሆነ ጾሙ ሲገባ ክፍያውን አቋርጡና ለፋሲካ መልሱት። ስፖቲፋይ ላይ ክፍያ ስታቆሙ ዝርዝሮቻችሁ አይጠፉም፣ ማስታወቂያ ወዳለበት ነፃው ትመለሳላችሁ፣ የሚጠፋው ያወረዳችሁት ብቻ ነው። በተረፈው ገንዘብ በዓመት ሁለት አልበም ይገዛል።

መጨረሻ ላይ ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ላላችሁ። የአፕል አካውንት ከሀገር ጋር የተሳሰረ ነው። ጠቅልላችሁ ሀገር ቤት ከመግባታችሁና የአካውንቱን ሀገር ከመቀየራችሁ በፊት እዚያ ሆናችሁ የገዛችሁትን ሙዚቃ በሙሉ ኮምፒውተር ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ አውርዱ። ሀገር ከተቀየረ በኋላ ድጋሚ ማውረድ ላይቻል ይችላል፣ የካርዱም ቀን አልፎ ይሆናል። ኮምፒውተር የሌላችሁ ኮምፒውተር ያለው የምታምኑት ጓደኛ ፈልጉና ከመሄዳችሁ ሳምንት በፊት አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት።